ከስማዳ የወጣችው እመቤት

ሁላችንም የምናውቀው የታሪክ ዓይነት አለ። ሰውዬው ይነሳና «ድሮ እንዲህ ነበርኩ» ይላል። ጠጪ ነበር፣ ቃሚ ነበር፣ ትዳሩን በትኖ ነበር፣ የጠንቋይ ደጅ ይጠና ነበር። አንድ ቀን እግዜር አገኘው፣ ያን ሁሉ ጣለው፣ አዲስ ሰው ሆነ። በየዓውደ ምሕረቱ እንስማው በየአዳራሹ፣ ድሮ በካሴት ይሁን ዛሬ በዩቲዩብ፣ ቅርጹ ያው ነው፦ የሚጣለው ክፉ፣ የሚያዘው መልካም። እኛም እንደየእምነታችን አጨብጭበን ወይም እልል ብለን ወደየቤታችን እንገባለን።

ጥሩ ነው፤ ማንም ከመጠጥ ቢድን ደስ ይለናል። ግን የሚጣለው ኑሮ ክፉ ያልሆነ እንደሆነስ? ሰውየው ሰካራም ሳይሆን ባለጸጋ፣ ቤቱ የተበተነ ሳይሆን በሰው የተሞላ፣ ስሙ የጠፋ ሳይሆን በቤተ መንግሥት የሚጠራ ቢሆንስ? ሴትስ ብትሆን? እንዲህ ያለውን ታሪክ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ደቡብ ጎንደር፣ ስማዳ ድረስ ብቻ ነው።

አገሩን ለማያውቅ፦ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ የጉና ተራራ አለ፤ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከጉና ወዲያ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ወደ ደቡብ እስቴ፣ ከዚያ ደግሞ መሬቱ እየተቆረሰ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድበት ስማዳ ይገኛሉ። የዛሬ አዲስ አበቤ ስለ እነዚህ አገሮች የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ድርቅ ሲገባ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይህ የበጌምድር ምሥራቅ የመኳንንት ርስትና ጉልት፣ የጦር አለቆች ማረፊያ ነበር። ከእነዚህ መኳንንት አንዱ መልክአ ክርስቶስ ይባላል። የአፄ ሱስንዮስ ባለሟልና አማካሪ ነው። (ኋላ በላስታ ካመፀው መልክአ ክርስቶስ ጋር እንዳይምታታብን፤ ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ለየቅል ነው።) ሚስቱ ደግሞ ወለተ ጴጥሮስ ናት፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 17 ቀን የምታስባት ቅድስት። ቅድስት ብትሆንም ታሪኩ ሲጀምር ከእኛ ዕድሜ ብዙም አትርቅምና እሷ እያልን እንቀጥላለን።

የተወለደችው በ1592 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እናስኬዳቸው)። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ እብያ ይባላሉ፤ በደቡብ በኩል ርስት የነበራቸው፣ ወንዶቹ ቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ትልቅ ዘር ናቸው። እንደ ዘመኑ ልማድ በልጅነቷ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ገድሏ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይነግረናል፦ እግዚአብሔርን ደስ የማያሰኝ ልጅ ከሆነ ሳያድግ ውሰደው ብላ ትጸልይ ነበር ይላል። ያልወለድን ሰዎች አስተያየት መስጠት የለብን ይሆናል፤ ግን ይህን ስናነብ ከንፈራችንን መጠን አላለፍነውም፣ ቆም አልን። ሦስት ሕፃን የቀበረች ወጣት ሐዘኗን የምትሸከምበት ሌላ ምን ቋንቋ ነበራት? የመጀመሪያው የመውጣት ሐሳብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፖለቲካ ገና አልገባበትም። ያለው ባዶ እልፍኝ ነው።

ፖለቲካው ግን በሩ ላይ ነበር። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አገር ገብቶ፣ አማርኛውንም ግእዙንም ተምሮ፣ ነገሥታቱን አግባብቷል። ሱስንዮስ መጀመሪያ በስውር፣ በ1622 ደግሞ በይፋ የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ። ከጀርባው የፖርቱጋል ጠመንጃ ተስፋ ነበረ የሚሉ አሉ፣ ከልቡ አምኖ ነው የሚሉም አሉ፤ ለእኛ ታሪክ ሁለቱም አንድ ነው። ዋናው ነገር ንጉሡ ሲለወጥ ብቻውን አለመለወጡ ነው። ባለሟሎቹ ተከተሉት፤ ከእነሱም መካከል የወለተ ጴጥሮስ ባል ይገኝበታል።

የመጀመሪያው መውጣት በሌሊት ነበር። መልክአ ክርስቶስ ለዘመቻ ሄዷል። ከጣና ገዳማት የመጡ መነኮሳት በምስጢር ተላልከውባት ከስማዳ ይዘዋት ወጡ። ከስማዳ እስከ ጣና ዳርቻ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ቆላና ደጋውን ወጥቶ ወርዶ ሲታሰብ ደግሞ ስንት እንደሚሆን የእስቴን ገደላ ገደል ያየ ያውቀዋል። እመቤት ማለት በዚያ ዘመን ከበቅሎ የማትወርድ ሴት ማለት ናት። ስትወርድ ድንኳን ተጋርዶላት፣ ስትራመድ ሰው ደግፏት ነው። እንግዲህ ያች እግር ናት በጨለማ የሄደችው። አብረዋት ጥቂት ገረዶቿ ነበሩ። ስለ ገረዶቹ ብዙ ሰው አያወራም፤ እኛ ግን እንጠይቅ፦ እነሱስ ወደው ነው የወጡት? እመቤታቸው ስለተነሳች መነሳታቸው የእምነት ውሳኔ ነው ወይስ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ትእዛዝ? ገድሉ ታማኝነታቸውን ያመሰግናል፣ የተቀረውን አይነግረንም።

ጣና ዳር ደረሰች፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ የምንኩስና ቆብ ደፋች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ የምስክርነት ካሴት ይወጣው ነበር። አላለቀም። ባሏ ተመለሰ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀው፣ ጦሩን ይዞ ተነሳ። ተሸሽጋለች የተባለችበትን ጨጓሪት የሚባል ከተማ ወታደር ለቀቀበት፤ ሕዝቡ ተዘረፈ፣ ተንገላታ። ትላልቅ ሰዎችና ካህናት ገብተው ለመኗት፦ ስለ አንቺ ሕዝብ አይለቅ፣ ተመለሽ። ተመለሰች። ፀጉሯን የተላጨች ሴት ቆቧን አውልቃ ወደ ትዳሯ ገባች።

ስለ መለወጥ ሲወራ ይህ ክፍል ሲዘለል ነው የምናየው። አሮጌውን ሕይወት መጣል የራስ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይነገራል፤ እኔና እግዜር። ጨጓሪት ላይ ግን ሒሳቡን የከፈሉት ከብታቸው የተነዳና ጎተራቸው የተገለበጠ ሰዎች ናቸው። አንዲት ሴት ልመንኩስ ስላለች። ጥፋቱ የእሷ ነው ማለታችን አይደለም፤ ጦሩን የላከው እሱ ነው። ግን አያችሁት፤ በዚያ ዘመን ሚስት ከቤት ስትወጣ ባል የሚያስመልሳት በሽማግሌ ብቻ ሳይሆን በጦርም ነበር። (ዛሬስ? የፖሊስ ዜና የምንከታተል ሰዎች መልሱን እናውቀዋለን።)

ሁለተኛው መውጣት ሌላ ነው። በ1617 የንጉሡ አማች ዩልዮስ፣ የተዋሕዶን እምነት እንከላከላለን ካሉት ጋር ሆኖ አመፀ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከእሱ ጋር ቆሙ። ውጊያ ሆነ። ዩልዮስም ሞተ፣ ጳጳሱም ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በዚህ ግድያ እጁ እንዳለበት አወቀች፤ ገድሉ እንደሚለው የአቡኑ ልብስ ሳይቀር በምርኮ ቤቷ ገብቷል። ከዚህ በኋላ በሌሊት መሰወር አልመረጠችም፤ ፊት ለፊት ነገረችው። ጳጳስ ካስገደለ ሰው ጋር በአንድ አልጋ አልተኛም፣ በአንድ ማዕድ አልቀርብም አለችው። ጌጧን ተወች፣ ምግብ ተወች፣ መሬት ላይ መተኛት ጀመረች። መልክአ ክርስቶስ በጦርም በልመናም እንደማይሆን ሲያይ በመጨረሻ ለቀቃት። ዕድሜዋ 25 ነበር።

በመጀመሪያው የሄደችው ከሐዘን ወደ ጸጥታ ነበር ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ግን የምትሄደው ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ወገን ነው፤ አስታርቆ የሚመልሳት ሽማግሌ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። ደግሞ ልብ በሉ፣ በዚያው ዘመን ሃይማኖቱን የለወጠው ንጉሡ ነው። ሱስንዮስ እምነት ለወጠ፤ አልጋው፣ ጦሩ፣ ግብሩ እንደነበረ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ስትጠመቅ ከያዘችው እምነት ንቅንቅ አላለችም፤ የለወጠችው ኑሮዋን ነው፣ ያውም ከሥሩ። አዋጅ የሚያስነግረው እሱ፣ የሚራበው እሷ።

አዲሱ ኑሮ ምን ይመስል ነበር? እህል መፍጨት፣ እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳት። ለብዙዋ የስማዳና የጋይንት ሴት ይህ ምንኩስና ሳይሆን የየዕለት ሕይወት ነው፤ ማንም ገድል አይጽፍላትም። ለመኳንንት ልጅ ግን ወፍጮ ላይ መንበርከክ ማለት ከአገልጋዮቿ ጋር ቦታ መለዋወጥ ማለት ነው። ጾሙም ጸሎቱም ትልቅ ነገር ነው፤ ግን እንደ እኛ እንደ እኛ፣ ከሁሉም ይልቅ ማንነቷ የተለወጠው እዚያ መጅ ላይ ይመስለናል። ደግሞ ብቻዋን አልነበረችም። እኅተ ክርስቶስ የምትባል፣ እሷም ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የመጣች የትልቅ ሰው ልጅ አገኘች፤ ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም። የእኅተ ክርስቶስን ልጅ ነገር እናንተም እንደ እኛ ሳትጠይቁ አታልፉትም ብለን እናስባለን። የተተወች ልጅ ስለ እናቷ እምነት ምን እንዳለች የጻፈ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ጎን እንውጣ። ታች ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የሚባል ቦታ አለ፤ የድጓ ማስመስከሪያ። ድጓ የተማረ ደብተራ የትም ይማር የት፣ ሊቅ መባል ከፈለገ ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ለዚህ ማዕርግ ሲባል ስንት ልጅ ከእናቱ ጓዳ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ አደገ። ማለት በዚህ አገር ለእግዜር ብሎ ቤት መልቀቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መንገድ አለው፣ ሥርዓት አለው፣ መንደሩም «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ምን መስጠት እንዳለበት ያውቃል። ግን የተማሪው መንገድ የወንድ ልጅ መንገድ ነው። ልጁ ሲወጣ ይመረቃል፣ መሪጌታ ሆኖ ሲመለስ ይከበራል። ሴት ልጅ እንደዚያ የምትወጣበት በር አልነበረም፤ ለባለትዳር ሴት ደግሞ የነበረው አንድ በር፣ መመንኮስ ነው፤ እሱም ባል ሲሞት ወይም ሲስማማ። ወለተ ጴጥሮስ የመረጠችውን ነገር ክብደት ለማየት ከቤተልሔም ተማሪ ጎን ማቆም ይበቃል።

ወደ ነገራችን። ሱስንዮስ የአባቶችን እምነት ማስተማር ሲከለክል እሷ በየመንደሩ እየዞረች አትቀበሉ ማለት ጀመረች። በ1622 ንጉሡ ፊት ተከሳ ቀረበች። ሊገድላት ፈልጎ ነበር። ያዳናት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መልክአ ክርስቶስ። የተወችው ባሏ። ዘመዶቿ ብዙ ናቸው፣ ኃያላን ናቸው፣ ደሟ ጣጣ ያመጣብሃል ብሎ ንጉሡን መለሰው። ፍቅር ይሁን ፖለቲካ፣ ወይም ሁለቱም፣ እናንተ ፍረዱ። ያች ጨጓሪትን የዘረፈች እጅ ናት ይህንንም ያደረገችው። ሰው እንዲህ ነው፤ ክፉ ብለህ ከፋይል አስገብተኸው ስታበቃ አንድ ደግ ሥራ ይዞብህ ይመጣል።

በነገራችን ላይ በዚያው በ1622፣ በመጋቢት፣ ሮም ውስጥ ስፔናዊቷ መነኩሴ የአቪላዋ ቴሬዛ ቅድስት ተብላ ታወጀች፤ ከኢየሱሳውያን መሥራች ከኢግናጥዮስ ጋር በአንድ ቀን። ቴሬዛም ገዳማት እየመሠረተች፣ ባለሥልጣናትን እያስቸገረች የኖረች ሴት ነበረች። ሚስዮናውያኑ በአገራቸው እንዲህ ያለችውን ሴት መንበረ ታቦት ላይ ሲያወጡ፣ እዚህ ተመሳሳይዋ ችሎት ቆማለች። ቢተዋወቁ ኖሮ የሚግባቡ ይመስለናል፤ ሃይማኖታቸውን ሳያነሱ።

በ1625 የሮም ፓትርያርክ ሆኖ አፎንሱ ሜንዴስ ገባ። ፓኤዝ ለስላሳ ነበር፣ ይኼኛው ግን የቸኮለ ሰው ነው። በ1626 ንጉሡ ለሮም መገዛቱን በአደባባይ ማለ፤ ካህናት እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ታቦታት እንደገና ይባረኩ፣ ቅዳሜ አይከበር ተባለ። ለጋይንት ገበሬ ይህ ማለት አባቶቹ ሁሉ ሳይጠመቁ ሞቱ ማለት ነው። ወለተ ጴጥሮስ እንደገና ተያዘች። ሜንዴስ ራሱ ሊያሳምናት ተነሳ፤ ገድሉ እንደሚለው አንድ ዓመት ያህል፣ በየቅዳሜው። (ቅዳሜን አታክብሩ የሚለው ሰው የእሷን ቅዳሜ በክርክር መሙላቱ ሆን ብሎ ይሆን?) አልሆነለትም። ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ ሱዳን ወሰን ወደሚባለው በረሃ፣ ዠበይ ወደተባለ ቦታ ለሦስት ዓመት ተጋዘች።

ግዞት የሚልኩ መንግሥታት ሁሉ የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ሰው ይከተላል። ብቻዋን ትረሳለች የተባለችው ሴት ዘንድ እየተሰወሩ የሚመጡ በዙ፣ ወንዶችም ሴቶችም። ከሰባቱ ማኅበሮቿ የመጀመሪያው የተመሠረተው እዚያው በበረሃው ነው፤ የተቀሩት ኋላ ጣና ዙሪያ፣ ዘጌንና ምጽሌን ጨምሮ። ሴት እንዴት ወንድ ትመራለች የሚሉ መነኮሳት አልጠፉም፤ ሐዋርያው ጳውሎስንም ጠቀሱባት። ማኅበሩ ግን እየሰፋ ሄደ። ገድሉ ቁጣዋን አይደብቅም፤ ኃይለኛ ነበረች፣ ለተማሪዎቿም አትራራም ነበር። ይህን በማንበባችን የበለጠ አመንነው። ማር ብቻ የሆነ ቅዱስ ከሥዕል ላይ አይወርድም።

በቤተ መንግሥቱም ውስጥ የሴቶች እምቢታ ነበር። የሱስንዮስ ሚስት፣ እቴጌ ወልደ ሠዓላ፣ ባሏን አልተከተለችውም፤ በእስቴ በኩል ያለችውን ቆማ ፋሲለደስን ያሳነጸችው እሷ ናት። አስቡት፤ ንጉሡ ለሮም ሲምል ሚስቱ የአባቶችን ቤተ ክርስቲያን ታንጻለች። የእራት ጊዜያቸው ምን ይመስል እንደነበር እግዜር ይወቅ።

በመጨረሻ ነገሩን የፈጸመው ደም ነው። ከጋይንት ወዲያ ላስታ አመፀ፤ ገበሬው ዱላና ጦር ይዞ ወረደ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ሱስንዮስ አሸነፈ፤ በሺህ የሚቆጠር የራሱን ሕዝብ ሬሳ እያየ። ብዙም ሳይቆይ የአባቶቻችሁን እምነት ያዙ ብሎ አዋጅ አስነገረ፣ አልጋውን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፣ በዚያው ዓመት ሞተ። ሚስዮናውያኑም ከአገር እንዲወጡ ሆነ።

ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖረች። የሚያሳድዳት ንጉሥ ከሌለ በኋላ ያለው ኑሮ ለሰባኪም ለታሪክ ጸሐፊም አይመችም፤ እርሻ፣ ምግብ፣ በሽታ፣ የተጣሉ መነኮሳት ማስታረቅ። በ1642፣ በሃምሳ ዓመቷ፣ ሦስት ወር ታማ አረፈች፤ ጣና ላይ በሬማ ደሴት ተቀበረች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ እስከ 1649 መራች።

ታሪኩ በእጃችን የገባው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ፣ ካረፈች ሠላሳ ዓመት በኋላ በ1672፣ የሚያውቋትን እየጠየቀ በግእዝ ስለጻፈው ነው። ከጠየቃቸው ብዙዎቹ አብረዋት የኖሩ መነኮሳይያት ናቸው። ለዚህ ይሆናል መጽሐፉ ውስጥ የቤት ነገር የበዛው፤ ማን ምን እንደበላ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ገላውዴዎስን ብንቀናበት አይፈረድብንም፤ ምንጮቹ ጥሩ ነበሩ። ግእዙን ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 አሳተመው፣ እንግሊዝኛው ትርጉም ደግሞ በ2015 ወጣ። ይህ የመጨረሻው በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ክርክር አስነስቷል፤ ክርክሩ ለራሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። እኛ የምንለው ግእዙን የማንበብ ዕድል ያላችሁ ከክርክሩ በፊት መጽሐፉን አንብቡት ነው።

በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከደራ በኩል፣ በስሟ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ቆራጣ አለች። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እንደጻፉት፣ ወደ ቆራጣ በበቅሎ ተቀምጦ መግባት ክልክል ነበር። ከንጉሡና ከጳጳሱ በቀር መኳንንቱ ሁሉ ከከተማዋ ውጭ ወርደው በእግራቸው ይገቡ ነበር።